ቀዳዳ የሌለው መርፌ

ማሸጊያው ላይ 0.25 × 40 የሚል ታትሟል። የመጀመሪያው ቁጥር ውፍረት፣ ሁለተኛው ርዝመት ነው፤ መለኪያው ሚሊ ሜትር። ማሸጊያው በአንድ ወገን ግልጽ ፕላስቲክ፣ በሌላው ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሚላጠው በእጀታው በኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው እጀታው ነው፤ ወደ ሰውነት የሚገባውን ክፍል የማንም ጣት አይነካውም።

ከሐኪም ቤት የምናውቀው መርፌ ቱቦ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ጫፉ በሰያፍ ተቆርጧል፤ በስለቱ ሥጋውን እየቆረጠ ይገባና መድኃኒት ያደርሳል ወይም ደም ይቀዳል። ይኸኛው የአኩፓንክቸር መርፌ ግን ድፍን ነው። ምንም አያስገባም፤ ምንም አያወጣም። 18 ቁጥር የሚባለው የደም ሥር መርፌ ውስጡ 0.84 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በዚያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰባት የአኩፓንክቸር መርፌዎች ተጠጋግተው ይገባሉ።

ይህን መርፌ ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት አንድ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ስላየሁ ነው፦ ከካንሰር ሕክምና በኋላ የሚቀረውን ድካም ማቅለል።

ኬሞው ካለቀ፣ ጨረሩ ካበቃ፣ ፀጉሩም ከበቀለ በኋላ የማይለቅ ድካም አለ። እንቅልፍ አያወጣውም። ከተሠራው ሥራ ጋርም አይመጣጠንም፤ አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት የቀኑን ጉልበት ሊጨርስ ይችላል። በአንዱ ላይ ወራት፣ በሌላው ላይ ዓመታት ይቆያል። ደንበኛ ሐኪም በቅድሚያ የሚመረምረው ሌላ ምክንያት እንዳለ ነው፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መዛባት፣ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት። እነዚህ ተመርምረው ድካሙ ከቀረ፣ ጥሩ ማስረጃ ያለው መፍትሔ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው፤ ከእሱ ጋር አስተሳሰብንና ልማድን በንግግር የሚያስተካክለው ሕክምና አለ። የሚዋጥ መድኃኒት ብዙም አልረዳም። የደከመን ሰው ተንቀሳቀስ ማለት ደግሞ ለተናጋሪው እንጂ ለሰሚው አይቀልም። መርፌው የመጣው በዚህ ክፍተት ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አምስት ክፍሎች አሉት፦ ጫፍ፣ ዘንግ፣ ሥር፣ እጀታና ጭራ። ሥር የሚባለው ዘንጉ ከእጀታው የሚገናኝበት ቦታ ነው። መርፌ ቢሰበር ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከቆዳው በላይ ይተዋል። ቢሰበር በመቆንጠጫ የሚያዝ ነገር እንዲቀር ነው። 40 ሚሊ ሜትር መርፌ የሚመረጠው 40 ሚሊ ሜትር ለመግባት አይደለም ማለት ነው።

እጀታው የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ቀጭን የመዳብ ወይም የብረት ሽቦ በዘንጉ የላይኛ ክፍል ላይ ጥቅል በጥቅል ተገጥግጧል፤ በጥቅሎቹ መካከል ክፍተት የለም። ጭራው ላይ ሽቦው ትንሽ ቀለበት ሠርቶ ያልቃል። ጥምጥሙ ጌጥ አይደለም። ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ብረት በሁለት ጣት መካከል ይንሸራተታል፤ ሊያዞሩት ሲሞክሩ ጣቱ ይዞራል እንጂ መርፌው አይዞርም። ጥምጥሙ ውፍረት ይጨምራል፤ ሻካራነት ይሰጣል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲዞር እያንዳንዷ ቅንጣት ዙር ለጣት ይታወቃል። ሁለተኛም ጥቅም አለው፦ ቻይናውያን በጭራው ላይ የደረቀ የአሪቲ ዘመድ ቅጠል አንድደው ሙቀቱን ወደ ሥጋው የሚያወርዱበት ዘዴ አላቸው፤ ለዚያ የብረት እጀታ ያስፈልጋል። ጃፓኖች ብዙውን ጊዜ የፕላስቲክ እጀታ ይመርጣሉ። ፕላስቲኩ እንደ መርፌው ውፍረት የተለያየ ቀለም ይሰጠዋል። ቀለሙን ያወቀ ባለሙያ ማሸጊያውን ሳያነብ ያነሣል። ለእኔ ጣት ግን ሽቦው ይሻላል።

ጫፉ የሚታየው በማጉያ መነጽር ነው። ዘንጉ ድንገት አይሾልም፤ ቀስ እያለ ይቀጥናል፤ የመጨረሻዋ ነጥብም እንደ ስለት የተሞረደች አይደለችም፤ በጣም ትንሽ ክብነት አላት። ቻይናውያን ቅርጹን በጽድ መሰል ዛፋቸው ቅጠል፣ በፓይን መርፌ፣ ይጠሩታል። ከመጠን በላይ የሾለ ጫፍ ቶሎ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ጫፍ መንጠቆ ይሆናል። ትንሽ የከበበው ግን የሥጋውን ክሮች ሳይቆርጥ ወደ ጎን ገፍቶ ያልፋል። መርፌው ሲወጣ ደም አለመታየቱ ወይም አንዲት ጠብታ ብቻ መታየቷ ከዚህ የመጣ ነው።

መርፌ ተቀቅሎ ደጋግሞ ይሠራ በነበረበት ዘመን የጫፍ መፈተኛው ጥጥ ነበር። መርፌው በደረቅ ጥጥ ውስጥ ይገባና ይሳባል። ጫፉ ደህና ከሆነ ጥጡ አይከተለውም። አንዲት ክር እንኳ ይዞ ከወጣ ጫፉ ላይ መንጠቆ አለ፤ ይሞረዳል ወይም ይጣላል። ዛሬ መርፌው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ፍተሻው ወደ ፋብሪካው ሄዷል። ፋብሪካው ግን ሁልጊዜ ፍጹም አይደለም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት የሁለት የታወቁ ምርቶችን መርፌዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ካልተነኩት መካከል በአንዳንዶቹ ጫፍ ላይ የብረት እብጠትና የተዛባ ገጽ አግኝቷል። በዓይን ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው።

አሠራሩ በሽቦ ይጀምራል። ብረቱ የማይዝግ ዓይነት ነው፤ የተለመደው ቅይጥ 18 ከመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 ከመቶ ገደማ ኒኬል አለበት። ሽቦው እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ተራ በተራ ይሳባል። በሳቡት ቁጥር ይቀጥናል፤ በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ይጠነክራል። የመርፌው እንደ ሞላ ታጥፎ ቀጥ የማለት ጠባይ የሚመጣው ከዚህ መሳብ ነው፤ ያለዚያ አንዴ ሲታጠፍ ታጥፎ ይቀር ነበር። ከዚያ ይቃናል፤ ይቆረጣል፤ ጫፉ እየዞረ በድንጋይ ይሞረዳል፤ ይወለወላል፤ እጀታው ይጠመጠማል፤ ይታጠባል፤ ይታሸጋል። ጀርም የሚገደለው ከታሸገ በኋላ ነው፤ በኤትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ወይም በጨረር። ለአንድ ጊዜ የሚያገለግለው ንጹሕ መርፌ በ2014 የራሱ ዓለም አቀፍ መስፈርት አግኝቷል፤ ቁጥሩ 17218 ነው።

ከዚህ በፊት የነበሩት ወፍራም ነበሩ። በ1968 በቻይና ሄቤ ክፍለ ሀገር፣ ማንቼንግ በሚባል ቦታ የልዑል ሊዩ ሼንግ መቃብር ተከፈተ። ልዑሉ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ113 ነው። ከመቃብሩ ከወጡት መካከል አራት የወርቅና አምስት የብር መርፌዎች አሉ። የብሮቹን ዘመን ጎድቷቸዋል፤ ወርቆቹ ደህና ናቸው። ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ሲቀጥን በቀላሉ ይታጠፋል። ቅጥነቱን ያመጣው ጠንካራው ሽቦ ነው።

ቅጥነት ግን አዲስ ችግር ይዞ ይመጣል። ቀጭን ዘንግ ከላይ ሲገፉት ከመግባቱ በፊት ይጎብጣል። ስሌቱ የታወቀ ነው፦ ዘንግ ሳይጎብጥ የሚችለው ግፊት ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ አቅሙ አሥራ ስድስት ጊዜ ያንሳል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ አራት ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ባለሙያው ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ነጻውን ርዝመት ማሳጠር ነው፤ ዘንጉን ከጫፉ አጠገብ በንጹሕ ጥጥ ይዞ፣ በሌላው እጅ ቆዳውን ወጥሮ፣ በአንድ አጭር ግፊት ማስገባት። ለዚህ ጣት መሠልጠን አለበት። ተማሪዎች ተደራርቦ በታሰረ ለስላሳ ወረቀትና በክር በተጠመጠመ የጥጥ ኳስ ላይ ይለማመዳሉ፤ ቀጥሎ በራሳቸው እግር ላይ።

ሁለተኛው ቱቦ ነው። ይህን ያስፋፋው ሱጊያማ ዋይቺ ነው፤ ከ1610 እስከ 1694 የኖረ ጃፓናዊ፣ በልጅነቱ ዓይኑ የጠፋ። ሲነገር እንደቆየው ጥበቡን መማር አቅቶት ከመምህሩ ተባርሮ ወደ ኤኖሺማ ደሴት ለጸሎት ሄደ፤ እዚያ ድንጋይ አደናቅፎት ሲወድቅ አንድ ነገር ወጋው፤ በዳሰሰው ጊዜ በቱቦ መሰል ነገር ውስጥ የገባ የፓይን ቅጠል ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ ከመጠን በላይ ያማረ ስለሆነ እንደ ተረት ልውሰደው። ሰውየው ግን ተረት አይደለም። የአምስተኛው የቶኩጋዋ ሾጉን የፁናዮሺ ሐኪም ሆነ፤ ለዓይነ ስውራንም ጥበቡን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አቋቋመ።

ቱቦው ከመርፌው በጥቂት ሚሊ ሜትር ያጥራል። ቱቦውን በቆዳው ላይ አቁመው መርፌውን ሲያስገቡት የእጀታው ጭራ በዚያችው ልዩነት ብቻ ብቅ ይላል። በሌባ ጣት ቶክ ሲያደርጉት ያችው ልዩነት ወደ ቆዳ ትገባለች፤ ከዚያ አትበልጥም። የመጀመሪያውን ጥልቀት የሚወስነው የባለሙያው ጉልበት ሳይሆን የሁለት ርዝመቶች ልዩነት ነው። ቱቦው ዘንጉን በጎን ደግፎ ስለሚይዘው መርፌው አይጎብጥም። የቱቦው አፍ ደግሞ ቆዳውን በክብ ስለሚጫነው የመወጋቱ ስሜት በመጫኑ ስሜት ይሸፈናል። አንድ ትንሽ ቱቦ ሦስት ሥራ ይሠራል። ማየት ለማይችል ሰው ደግሞ አራተኛ አለው፤ ቦታውን ይዞ ይቆያል።

ቦታው እንዴት ይገኛል? የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓስፊክ ቢሮ በ2008 ባወጣው መድበል 361 ነጥቦች ተዘርዝረዋል። ለድካም በብዛት ከሚመረጡት መካከል ዙሳንሊ፣ ሳንዪንጂያኦና ሄጉ ይገኛሉ። መለኪያቸው ፁን ነው። አንድ ፁን የአውራ ጣት ስፋት ነው፤ ሦስት ፁን አራት ጣት ተጋጥሞ የሚሰጠው ስፋት ነው፤ እኛ ጋት የምንለው።

ዙሳንሊን ለማግኘት ጉልበት ይታጠፋል። ከጉልበት ሎሚ በታች በውጪ በኩል አንዲት ጎድጓዳ አለች። ከእሷ አንድ ጋት ወደ ታች ይለካል። ከቅልጥሙ ስለት ደግሞ አንድ ጣት ወደ ውጪ። እግርን ወደ ላይ ሲያነሡት ከጣት ሥር የሚያብጥ ጡንቻ አለ፤ ነጥቡ በእሱ ላይ ነው። ሳንዪንጂያኦ በእግሩ ውስጠኛ ጎን ነው፤ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አናት አንድ ጋት ወደ ላይ፣ ከአጥንቱ ጠርዝ በስተኋላ። ሄጉ በእጅ ጀርባ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አጥንቶች መካከል፣ በሌባ ጣቱ አጥንት ወገብ ላይ።

ጋቱ የማን ነው? የታካሚው። ይህ መላው ልኬት የቆመበት ነገር ነው። ረጅም ሰው ረጅም ቅልጥም አለው፤ ሰፊም ጣት አለው፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። የባለሙያው እጅ ከታካሚው ከተለየ ልዩነቱን ማስተካከል አለበት። ማረጋገጫም አለ፦ ከጉልበቷ ጎድጓዳ እስከ ውጪኛው ቁርጭምጭሚት ያለው ርቀት ለማንም ሰው 16 ፁን ተብሎ ይከፈላል። ዙሳንሊ ከላይ ሦስቱ ክፍል ሲያልቅ ነው። ሁለቱ ልኬቶች ካልተገጣጠሙ እንደገና ይለካል። በሴንቲ ሜትር ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር።

የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ያደረገች ሴት ክንዷ በፈሳሽ ካበጠ በዚያ ክንድ መርፌ አይገባም። ነጭ የደም ሴል ወይም ፕላትሌት እጅግ ከቀነሰም ይቆማል። ይህ ከልኬቱ በፊት የሚጠየቅ ነው።

መርፌው ከገባ በኋላ ይዞራል። በጣም ትንሽ፤ ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ታካሚው የሚነግረው ስሜት የመወጋት አይደለም፤ ክብደት፣ ድንዛዜ፣ ጥልቅ የሆነ ድፍን ሕመም ነው። ባለሙያው በጣቱ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሥጋው መርፌውን ይይዘዋል። ለብዙ ዘመን ይህ መያዝ በጣት ብቻ የሚታወቅ ነበር። አሜሪካ በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ሄለን ላንጅቪንና ባልደረቦቿ በ2001 ለኩት። በ60 ጤነኛ ሰዎች ላይ መርፌውን በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መሣሪያ አስገብተው፣ አዙረው፣ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ኃይል መዘኑ። ካልዞረው ይልቅ ወደ አንድ ጎን ብቻ የዞረው 167 ከመቶ፣ ወዲያና ወዲህ የዞረው 52 ከመቶ የበለጠ ኃይል ጠየቀ። ምክንያቱ በኋላ በአይጥ ሥጋ ላይ በማይክሮስኮፕ ታየ፦ ከቆዳ በታች ያሉት የኮላጅን ክሮች፣ ጥጥ በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም፣ በሚዞረው ዘንግ ላይ ይጠመጠማሉ። ዘንጉ ቀጭን ባይሆን፣ ክሩም ባይጣበቅበት፣ ይህ አይሆንም ነበር።

በዚያው ጥናት አንድ ሌላ ቁጥር አለ። በአኩፓንክቸር ነጥቦች ላይ መያዙ ከሌላ ቦታ በአማካይ 18 ከመቶ በልጧል። ሌላው ቦታም ይይዛል፤ ትንሽ ያነሰ ብቻ። ለነጥቦቹ የሚከራከሩት ልዩነቱን ያነሣሉ፤ የሚጠራጠሩት የልዩነቱን ማነስ። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንድ ቁጥር ነው።

እስካሁን ያየነው መርፌው በደንብ መሠራቱን ነው። በደንብ የተሠራ ዕቃ የተባለለትን ሥራ ይሠራል ማለት አይደለም። ያ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል።

በ2012 ከእንግሊዝ አንድ ትልቅ ሙከራ ታተመ፤ መሪው በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሌክስ ሞላሲዮቲስ ነው። ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የደከሙ 302 ታካሚዎች ገቡበት። 75ቱ ድካምን ስለ መቋቋም የሚያስረዳ ቡክሌትና የተለመደውን ክትትል አገኙ። 227ቱ በዚያ ላይ አኩፓንክቸር ተጨመረላቸው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 20 ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት። ነጥቦቹ ከላይ የለካናቸው ሦስቱ ናቸው፤ በግራና በቀኝ። ድካሙ የተለካው ከ4 እስከ 20 በሚሄድ መጠይቅ ነው። በመጨረሻ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የ3.11 ነጥብ ልዩነት ታየ፤ መርፌ ላገኙት የሚያደላ። በዚህ ዓይነት መለኪያ ትንሽ የሚባል አይደለም።

ነገር ግን 227ቱ ምን አገኙ? መርፌ አገኙ። በተጨማሪም በየሳምንቱ 20 ደቂቃ ጋደም ብለው ማረፍን፣ እግራቸውን በጥንቃቄ የሚለካ ሰውን፣ ተስፋንም አገኙ። ሌሎቹ ቡክሌት። ሁሉም የትኛው እንደደረሳቸው ያውቃሉ። ሙከራው የመለሰው ጥያቄ «ይህን አገልግሎት ብንጨምር ሰዎቹ ይሻላቸዋል?» የሚለውን ነው። መልሱ አዎ ነው። «የሠራው መወጋቱ ነው?» የሚለውን አልጠየቀም። ያንን ለመጠየቅ የማይወጋ መርፌ መሥራት ያስፈልጋል።

ተሠርቷል። በእኔ ዓይን ከእውነተኛው የበለጠ የእጅ ጥበብ ያለበት እሱ ነው። ኮንራድ ሽትራይትበርገርና ዩርገን ክላይንሄንዝ ከሃይደልበርግ በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳወቁት። ከውጪ ሲታይ ደንበኛ የአኩፓንክቸር መርፌ ነው፤ እጀታው ያው፣ ዘንጉ ያው። ጫፉ ግን ደነዝ ነው። ዘንጉም ከእጀታው ጋር አልተያያዘም፤ ሲገፋ ወደ እጀታው ውስጥ ይንሸራተታል፣ በትያትር መድረክ ላይ እንደሚያገለግል ጩቤ። የሚያይ ሰው መርፌው ሲያጥር ያያል፤ ስላጠረም የገባ ይመስለዋል።

አንድ ችግር ቀረ። ያልገባ መርፌ አይቆምም፤ ይወድቃል። ስለዚህ በቆዳው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ይቀመጣል፤ በላዩ ፕላስተር ይለጠፋል። ደነዙ መርፌ ፕላስተሩን በስቶ ያልፍና ቆዳውን ነክቶ ይቆማል፤ የሚይዘው ፕላስተሩ ነው። ፕላስተሩ ሲበሳ የሚሰማው ትንሽ ስሜት የመወጋትን ስሜት ይተካል። እውነተኛውም መርፌ በዚያው ቀለበትና ፕላስተር ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ በምንም እንዳይለዩ። ያደነቅኩት ይህን መሸፈኛ፣ ቀለበቱንና ፕላስተሩን ማለቴ ነው፣ ሳየው ነው፤ ጫፉን የሚደብቀው ነገር መርፌውን የሚያቆመውም ነው።

መርፌውን የፈተኑት በ60 ፈቃደኞች ላይ ነው። በእውነተኛው ከ60ው 54ቱ የመወጋት ስሜት ተሰማቸው። በደነዙ 47ቱ። ያልተወጋ ቆዳ ይዘው፣ ከአራት ሰው ከሦስት በላይ የሚሆኑት ተወግተናል አሉ።

ለድካም በእንዲህ ያለ ማስመሰያ ከተሠሩት ሙከራዎች አንዱ ኒው ዮርክ ከሚገኘው የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል በ2013 የታተመው ነው። በዚያው ማዕከል ቀደም ሲል፣ በ2004፣ በ37 ታካሚዎች ላይ ያለ ማነጻጸሪያ የተደረገ ትንሽ ጥናት ድካም በአማካይ 31 ከመቶ መቀነሱን አሳይቶ ነበር። አሁን ጋሪ ደንግና ባልደረቦቹ 101 ሰው በዕጣ ከፈሉ፤ አንዱ ወገን እውነተኛውን፣ ሌላው የማይበሳውን፣ በሳምንት አንዴ ለስድስት ሳምንት። በ10 ነጥብ መለኪያ የሁለቱም ወገን ድካም አንድ ነጥብ ያህል ወረደ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። እስከ መጨረሻው የተለኩት 74 ስለነበሩ ትንሽ ልዩነት ቢኖር ሊያመልጥ ይችላል። ትልቅ ልዩነት ግን የሚያመልጥ አይመስለኝም።

ማንችስተርና ኒው ዮርክ ይጋጫሉ የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ አይጋጩም እላለሁ። አንዱ ሙሉውን ነገር ከቡክሌት ጋር አነጻጸረ፤ ሌላው አንዱን ክፍል፣ መብሳቱን፣ ከቀሪው ነጥሎ መዘነ። ሙሉው ነገር ረዳ። የተነጠለው ክፍል ለብቻው ተጨማሪ ክብደት አላሳየም። የሚከራከሩ አሉ፦ ደነዙም ቢሆን ቆዳን ይነካል፣ መንካትም ነርቭን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ ማስመሰያው ራሱ ባዶ አይደለም ይላሉ። ክርክሩ ትክክል ነው። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ መንካት ከበቃ፣ ያ ሁሉ የተሞረደ ጫፍ ለምን?

የማንችስተሩ ቡድን ቀጥሎ ያደረገው ነገር ብዙ አይጠቀስም። ስድስቱ ሳምንት ካበቃ በኋላ 197 ታካሚዎችን እንደገና በዕጣ ከፈለ፦ አንዳንዶቹ በባለሙያ እጅ መርፌውን ቀጠሉ፤ አንዳንዶቹ መርፌውን በራሳቸው እጅ ማስገባት ተማሩ፤ ሌሎቹ አቆሙ። በ2013 በወጣው ውጤት፣ መቀጠሉ ካቆሙት የተሻለ ነገር አላመጣም። ከዚህ ሁሉ እኔን የሳበኝ ግን መካከለኛው ቡድን ነው። የደከመች ሴት ጋቷን ከጉልበቷ በታች አስቀምጣ፣ ቱቦውን አቁማ፣ በራሷ ጣት ቶክ ታደርጋለች። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የዓይነ ስውሩ መሣሪያ ባይኖር ይህን ለማስተማር ማንም አይደፍርም ነበር።

ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መርፌውን ጭራሽ አወጣው። ሱዛና ዚክና ባልደረቦቿ በ2016 ባሳተሙት ሙከራ የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን የጨረሱ የደከሙ ሴቶች ነጥቦቹን በራሳቸው ጣት መጫን ተማሩ፤ በየቀኑ፣ እያንዳንዱን ነጥብ ሦስት ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት። ሁለት ዓይነት የነጥብ ስብስብ ተሰጠ። አንዱ በባህሉ የሚያነቃ የሚባለው ነው፤ ዙሳንሊና ሄጉ ያሉት በዚህ ውስጥ ነው። ሌላው የሚያረጋጋ የሚባለው። ሦስተኛው ቡድን የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኘ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ድካማቸው ወደ ጤነኛ ደረጃ የወረደው ከሚያረጋጋው ቡድን 66.2 ከመቶ፣ ከሚያነቃው 60.9 ከመቶ፣ ከሦስተኛው 31.3 ከመቶ ነበሩ። እንቅልፍን ያሻሻለው የሚያረጋጋው ብቻ ነው። ለድካም የሚያነቃው ይሻላል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥያቄውን እንደገና ማሰብ አለበት።

እዚህም ሦስተኛው ቡድን ምን እንዳጣ ያውቃል፤ የማንችስተሩ ክፍተት እዚህም አለ። ጣት ደግሞ የታተመ ውፍረት የለውም፣ ማሸጊያ የለውም፤ በዚህ ሙከራ ማስመሰያም አልነበረውም። የማይጫን ጣት እስካሁን አልተሠራም።